የአቤል ዘፈኖች ለምን እንዲህ ጨለሙ? ወይስ እኔ ነኝ የማካብደው?

ሚሚ_ቲ

ሰላም ለሁላችሁም። ምናልባት ብዙ ጊዜ የተጠየቀ ይሆናል፣ ግን ልቤ ስላላረፈ ልጠይቅ። ዘ ዊኬንድን፣ የኛውን አቤል ተስፋዬን ማለቴ ነው፣ እንደ አብዛኛው ሰው ነው የማውቀው። ሙዚቃው ሲከፈት እነሳለሁ፣ ሲያልቅ እቀመጣለሁ፣ አለቀ። ግጥሙን ጆሮ ሰጥቼው አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ ግን ሰሞኑን ከእሱ ሌላ የሚሰማው የለም። እስቲ ይሄ ልጅ ምን እየሰማ ነው ብዬ ግጥሞቹን እያነበብኩ አንድ በአንድ አዳመጥኳቸው። ክው ነው ያልኩት።

ካንት ፊል ማይ ፌስ እስከዛሬ የፍቅር ዘፈን ነበር የሚመስለኝ። ፊቱ የደነዘዘው በኮኬይን ነው አሉ፣ እና አንዴ ይሄን ካወቅሽ በኋላ ዘፈኑ ሌላ ነገር አልሆን ይልሻል። ዘ ሂልስ ላይ ከሌላ ሰው ፍቅረኛ ጋር ተደብቆ ይገናኛል፣ እውነተኛው እኔ የምወጣው ናላዬ ሲዞር ነው ይላታል። ብላይንዲንግ ላይትስ፣ ያ ሕፃን ሽማግሌው የጨፈረበት፣ ሰክሮ መኪና ስለሚነዳ ሰው ነው። ጋዞሊን የሚለው ደግሞ ባሰ። ከሞትኩ በአንሶላ ጠቅልለሽ ቤንዚን አፍስሺብኝ አይነት ነገር ነው የሚለው፣ ያውም በሚያስጨፍር ምት!

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰውየው ስለ ራሱ ነው የሚያወራው ወይስ ገጸ ባህሪ ነው? ገጸ ባህሪ ከሆነስ ይሄን ሁሉ መርዝ ለምን በዳንስ ሙዚቃ ጠቅልሎ ይሰጠናል? እና ወንድሜን ዝም ልበለው ወይስ አንድ ነገር ልበል?

ስለ ኢሉሚናቲ ልታወሩ የመጣችሁ እባካችሁ እለፉኝ። እሱን ቲክቶክ ላይ ጠግቤዋለሁ።


ፋልሴቶ

ሚሚ፣ አላካበድሽም። የሰማሽው ነገር በሙሉ እዚያው አለ። ግን ዘፈኖቹን ነጣጥለሽ ስለሰማሽ የታሪኩ መሀሉ ብቻ ደረሰሽ። አቤል አልበም የሚያወጣው እንደ ተከታታይ ድራማ ነው፣ አንዱ ክፍል ላይ የተሰራው ጥፋት ዋጋው የሚከፈለው ቀጣዩ ላይ ነው።

በጣም ግልጽ የሆነውን ምሳሌ ልስጥሽ። አፍተር አወርስ የሚባለውን በ2020 የወጣውን አልበም ክፈቺና 8ኛውንና 9ኛውን ዘፈን ሳታቋርጪ ስሚ። 8ኛው ፌይዝ ነው። እዚያ ላይ ሰውየው ተመልሶ ወደ ዕፅ ገብቷል፣ እምነቱን ጥሏል፣ ፍቅረኛውንም ይዟት ሊሞት ይፈልጋል። መጨረሻው ላይ ሙዚቃው ይቀዘቅዝና ሳይረን ይሰማል። ራሱን የሚያገኘው መብራቱ ብልጭ ድርግም በሚል መኪና የኋላ ወንበር ላይ ነው፣ የከተማው ብርሃንም ዓይኑን ይወጋዋል። ከዚያ ምን ይከተላል? ብላይንዲንግ ላይትስ! ያ ሁላችን እጃችንን እያወናጨፍን የምንጨፍርበት ዘፈን አልበሙ ላይ የሚጀምረው ከዚያ ሳይረን በኋላ ነው። ለብቻው ሬዲዮ ላይ ስትሰሚው ድግስ ይመስላል። በቦታው ስትሰሚው ግን ገና ከውድቀቱ ያልተነሳ ሰው እንደገና መሪ ጨብጦ ነው።

ይሄን እኔ አልፈጠርኩትም። ራሱ በቃለ ምልልስ ተናግሮታል። የፌይዝን ሳይረን ሲያስረዳ በ2015 ላስ ቬጋስ ውስጥ የታሰረበት ጊዜ እንደሆነና የፖሊስ መኪና ውስጥ ያለው እሱ እንደሆነ ነው ያወራው፣ ዘመኑንም የሕይወቱ ጨለማ ጊዜ ብሎታል፣ የሚኮራበት እንዳልሆነም ጨምሮ። ስለ ብላይንዲንግ ላይትስም ሲጠየቅ አንድን ሰው ለማየት ናፍቆ፣ ጠጥቶ፣ በብቸኝነት የሚነዳ ሰው ነው ብሏል። ጠጥቶ መንዳትን ማበረታታት እንደማይፈልግ፣ ግን ከዘፈኑ ስር ያለው ጥቁር ነገር እሱ መሆኑን አልደበቀም። ስለዚህ "እሱ ነው ወይስ ገጸ ባህሪ" ላልሽው መልሱ ሁለቱም ነው። ጥሬ ዕቃው የራሱ ሕይወት ነው። ቀይ ኮት ለብሶ አፍንጫው ላይ ፋሻ የለጠፈው ሰውዬ ግን የተሰራ ነው።

ቪዲዮዎቹንም እይ። ይሄ ሰውዬ አንድም ቀን አሸንፎ አያውቅም። ካንት ፊል ማይ ፌስ ላይ መድረክ ላይ በእሳት ይያያዛል። ዘ ሂልስ ከተገለበጠ መኪና እየተሳበ ሲወጣ ነው የሚጀምረው። ስታርቦይ ላይ አዲሱ አቤል አሮጌውን አንቆ ይገድለዋል። ኢን ዩር አይስ ላይ እያሳደደ ያስጨነቃት ሴት መጨረሻ ላይ በመጥረቢያ አንገቱን ትቆርጠውና ጭንቅላቱን ይዛ ትጨፍራለች። እሱም አልበቃም፣ ቱ ሌት የሚለው ቪዲዮ ላይ ያው የተቆረጠ ጭንቅላት መንገድ ላይ ወድቆ ይገኛል። እስቲ ንገሪኝ፣ ዕፅና ዝሙትን "ማስተዋወቅ" የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያውን እንዲህ ይሰራል?


ደረቅ_እውነት

ፋልሴቶ ወንድሜ፣ ጥሩ ጠበቃ ይወጣህ ነበር። ግን ትንሽ ከሰማይ ውረድ።

ሰክሮ ስለመንዳት ነው ያልከው ብላይንዲንግ ላይትስ መጀመሪያ ሕዝብ ጆሮ የገባው በምን እንደሆነ ታውቃለህ? በ2019 ኅዳር አካባቢ በወጣ የመርሴዲስ ቤንዝ ማስታወቂያ ነው። የመኪና ማስታወቂያ! "ጥቁሩ ነገር" የት ሄደ ታዲያ? ማንም አልሰማውም፣ እንዲሰማም አልተፈለገም። ካንት ፊል ማይ ፌስም እንደዚያው ነው። ለሕፃናት በሚዘጋጅ የቴሌቪዥን ሽልማት ላይ ታጨ። እሱ ምን አደረገ? በሚቀጥለው አልበም ሪማይንደር የሚል ዘፈን ላይ፣ ስለ ዕፅ ዘፍኜ የልጆች ፕሮግራም ሸለመኝ እያለ ቀለደብን። ቀልዱ አስቆኛል፣ አልዋሽም። ግን ቀልዱ የሚነግርህ ሰውየው የሚሸጠውን ነገር ጠንቅቆ እንደሚያውቅ ነው።

የኔ ነጥብ ቀላል ነው። ጨለማ ይሸጣል። ንጹህ የፍቅር ዘፈን የሚዘፍን በሺህ የሚቆጠር ሰው አለ። ድምፁ እንደ መልአክ ሆኖ የሚያወራው እንደ ሰይጣን የሆነ ግን አንድ ነበር፣ ገበያውም ክፍት ነበር። "ዋጋውን ይከፍላል" ያልከውም ቢሆን የሚያየው ቪዲዮውን የተከታተለ ብቻ ነው። ዘፈኑን የሚሰማው የሚሚ ወንድም የሚደርሰው ዕፁ፣ ሴቱ፣ መኪናው ነው። ቅጣቱ አይደርሰውም።

እና ሴቶቹን ረሳሃቸው። እሱ ይሰቃያል፣ እሱ ይሞታል፣ እሱ ይነሳል። እነሱስ? ስም እንኳ የላቸውም። በ2023 ዘ አይደል የተባለውን ድራማ ሲሰራ ያ ነገር ፍጥጥ ብሎ ወጣ፣ ተቺዎች በአንድ ድምፅ የወረዱበት በከንቱ አይደለም። ሦስት ደቂቃ ዘፈን ውስጥ ድምፁ ይሸፍንለታል። የአንድ ሰዓት ድራማ ውስጥ መሸፈኛ የለም።


ፋልሴቶ

ስለ ድራማው አልከራከርህም፣ እኔም አልጨረስኩትም። ስለ ሴቶቹ ያልከውም ተገቢ ትችት ነው። የመርሴዲሱን ግን ሳስበው ጥፋቱ የማስታወቂያ ሰሪው ይመስለኛል። ግጥሙን ያላነበበ እሱ ነው።


ሶሲ_ቢት

"ለምን በዳንስ ሙዚቃ ጠቅልሎ" ለሚለው ማንም አልመለሰላትም፣ እኔ ልሞክር። ሙዚቃ እሰራለሁ፣ በዚያ በኩል ነው የማየው።

ብላይንዲንግ ላይትስ በደቂቃ 171 ምት ነው። ይሄ ለፖፕ በጣም ፈጣን ነው፣ የሚሮጥ ሰው ልብ ማለት ነው። ቁልፉ ግን ማይነር ነው፣ ኤፍ ማይነር፣ ማለትም ሐዘን ያለበት የሚመስለው ቅኝት። ሰውነትሽ "ሩጪ" ይባላል፣ ጆሮሽ "አንድ ነገር ልክ አይደለም" ይባላል። ሁለቱ ሲጋጩ የሚፈጠረው ስሜት ደስታም ሐዘንም አይደለም፣ ጭንቀት ያለበት ጉጉት ነው። በዚያ ላይ የ80ዎቹ ሲንተሳይዘር ሲጨመር ያላየሽውን ዘመን ያስናፍቅሻል። ከማክስ ማርቲን ጋር የሰራው ነው፣ ያ ስዊድናዊ ደግሞ ዜማ አንዴ ሰምተሽው እንዳትረሺው አድርጎ ማሰር ያውቅበታል። ውጤቱን ታውቁታላችሁ፣ ቢልቦርድ በ2021 የሆት 100 ሰንጠረዥ የዘመናት ሁሉ ቁጥር አንድ ዘፈን ብሎታል፣ ለ57 ሳምንት ከምርጥ አስሩ ውስጥ ነበር።

አሁን እስቲ ያንኑ ግጥም በቀስታ፣ በፒያኖ ብቻ አስቡት። ማንም ሁለቴ አይሰማውም፣ ልቅሶ ነው። ጨለማ የተሸከመ ግጥምን በሚጥም ሙዚቃ ላይ መጫን የድሮ ዘዴ ነው፣ አቤል አልጀመረውም። ዘ ፖሊስ የሚባሉት የእንግሊዝ ባንድ በ1983 ያወጡት ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ ስንት ሰርግ ላይ ተከፍቷል? ሴትዮዋን እያንዳንዱን እርምጃዋን ስለሚከታተል ቀናተኛ ሰው ነው እኮ! ሙሽሮቹ አቅፈው ይደንሱበታል።

ደረቅ_እውነት "መሸፈኛ" ያለው ለኔ መሸፈኛ አይደለም። ሱስ ራሱ እንደዚያ ነው የሚሰማው። ውስጡ ላለ ሰው ከውጭ ድግስ ነው፣ ከስር ገደል ነው። ምቱን አሳዛኝ ቢያደርገው ኖሮ ነበር ውሸት የሚሆነው።

የድሮዎቹን ግን ተመልሳችሁ ስሙ። በ2011 በነጻ ኢንተርኔት ላይ የለቀቃቸው ሦስቱ፣ በተለይ የመጀመሪያው ሃውስ ኦፍ ባሉንስ። እዚያ ላይ ዳንስ የለም። ዝግ ያለ፣ የሚያስተጋባ፣ ጭስ የሞላው ክፍል ውስጥ የተቀዳ የሚመስል ነገር ነው። ያኔ መልኩን የሚያውቅ እንኳ አልነበረም፣ ፎቶ የለ፣ ቃለ ምልልስ የለ። ለኔ ከሁሉም የሚያስፈራው እሱ አልበም ነው፣ ምክንያቱም ፋልሴቶ የሚለው ቅጣት እዚያ የለም። ማንም አይሞትም፣ ማንም አይጸጸትም። ጠዋት ይሆናል፣ ይነሳሉ፣ ይደገማል። ርዕሱም የመጣው ቶሮንቶ ውስጥ ትምህርት አቋርጦ ከጓደኞቹ ጋር ይኖርበት ከነበረው ቤት ነው። ድግስ ሲያዘጋጁ ቤቱን ለማድመቅ ባሉን ይሰቅሉ ነበር። ምንም የሌለው ቤት፣ ግድግዳው ላይ ባሉን። ከዚህ በላይ ምን ጨለማ ትፈልጋላችሁ?


ጋሽ_ካሴት

ልጆች፣ ጨዋታችሁን ሳነብ ነው የቆየሁት። እኔ የእናንተን ያህል አልበሙን አልዘለቅኩትም፣ ልጆቼ መኪና ውስጥ ሲከፍቱ ነው የሰማሁት። አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም፣ ድምፁን።

ይሄ ልጅ በእናቱና በአያቱ እጅ ነው ያደገው፣ ስካርቦሮ፣ ቶሮንቶ። አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። አያቱ ቤተ ክርስቲያን ይዛው ትሄድ ነበር። ቤት ውስጥ ቡና ሲፈላ የሚከፈተው አስቴር አወቀና ሙላቱ አስታጥቄ እንደነበር ራሱ ተናግሯል፣ ድምፁ ውስጥ ያለው ስሜትም ኢትዮጵያዊ ነው ብሎ። እኔ ይሄን ሳልሰማ በፊትም ጠርጥሬ ነበር። ድምፁ ላይ ያለው መንቀጥቀጥ፣ መጨረሻ ላይ ድምፁን የሚያጥፍበት መንገድ፣ ያ ከአሜሪካ አር ኤንድ ቢ ብቻ የመጣ አይደለም። እንጉርጉሮ ነው። እንጉርጉሮ እየሰማ ያደገ ልጅ ደስታውንም የሚያዜመው አንጀት በሚበላ ድምፅ ነው፣ ምን ያድርግ? ፎልስ አላርም የሚባለው ዘፈኑ ውስጥማ የአስቴርን ድምፅ ራሱን አስገብቶታል። ዘፈኑ ጩኸት ነው፣ ቪዲዮው የባንክ ዘረፋና ደም ነው፣ እሷ ደግሞ እዚያ መሀል አለች። መጀመሪያ ስሰማው ተናድጄ ነበር። ኋላ ላይ ግን የቤቱን ድምፅ ነው ይዞ የገባው አልኩ።

ዘ ሂልስንም ያነሳችው ልጅ እስከ መጨረሻው ሰምታዋለች ወይ? ያን ሁሉ ነውር ከዘረዘረ በኋላ ማብቂያው ላይ በአማርኛ የኔ ቆንጆ፣ የኔ ፍቅር እያለ ያንጎራጉራል። ለማን እንደሆነ እንጃ። ያቺ በሌሊት የሚደውልላት ሴትዮ አማርኛ የምትሰማ አትመስለኝም።

እኔ ሰይጣን አምላኪ ነው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። እግዚአብሔርን የማያምን ሰው ስለ ሲኦል እንዲህ አይጨነቅም። በ2022 ያወጣው ዶውን ኤፍ ኤም የሚባለው አልበም ሙሉ በሙሉ ሞቶ ወደ ብርሃኑ ገና ስላልደረሰ ሰው ነው፣ ካቶሊኮቹ ፑርጋቶሪ የሚሉት ቦታ። እዚያ ሆኖ ሬዲዮ ይሰማል፣ ጂም ኬሪ የሚባለው ኮሜዲያን የሬዲዮ ጋዜጠኛ ሆኖ ነፍሱን ያረጋጋዋል። ዋሻ ውስጥ መኪና ተጨናንቆ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ብርሃን እየጠበቁ መቆም ነው ብሎ ነው ሐሳቡን ያስረዳው። ይሄ ቅዳሴ ሲቆም ያደገ ልጅ ሐሳብ ነው። ቢሸሽም አልለቀቀውም።


ደረቅ_እውነት

ጋሼ፣ በአክብሮት፣ የእንጉርጉሮውን ነገር አሳመኑኝ። ግን አያቱ ግጥሙን ቢተረጉሙላቸው ምን ይሉ ነበር?


ጋሽ_ካሴት

እሱን ለአያቱ እንተወው ልጄ።


ሚሚ_ቲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼ በተለይ እርስዎን። ዘ ሂልስን አሁን እስከ መጨረሻው ሰማሁት፣ እውነትዎን ነው፣ እስከዛሬ ከመድረሱ በፊት ነበር የምቀይረው። ፌይዝና ብላይንዲንግ ላይትስንም አከታትዬ ሰማሁ፣ ከዚህ በኋላ እንደ ድሮው ተነስቼ የምጨፍርበት አይመስለኝም ፋልሴቶ፣ ክስ ልመስርትብህ ነው።

የሦስተኛው ጥያቄዬ መልስ ግን አሁንም የለኝም። ወንድሜ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠባዩ አልተቀየረም፣ ትምህርቱም ደህና ነው። ግን ስኖውቻይልድ የሚባለውን ደጋግሞ ነው የሚሰማው፣ እዚያ ላይ ደግሞ አቤል ስለ አስራ ስድስት ዓመቱ ነው የሚያወራው፣ ካልተሳካልኝ ራሴን እጎዳለሁ ብዬ አስብ ነበር አይነት ነገር። እድሜያቸው መገጣጠሙ ነው ያስፈራኝ።


የሌሊት_ተረኛ

ሚሚ፣ እኔ ከወጣቶች ጋር ነው የምሰራው፣ ስለ ሙዚቃው እነሱ ይበቃሉ፣ ስለ ወንድምሽ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ፣ ጨለማ ሙዚቃ መስማት ብቻውን የአደጋ ምልክት አይደለም። በዚያ እድሜ ያለ ልጅ ሐዘን የሞላው ዘፈን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ለራሱ ስም ያላወጣለትን ስሜት ሌላ ሰው ሲያወጣለት ስለሚቀለው ነው። አንዳንዱ ደግሞ ዜማው ስለጣመው ብቻ ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም። ስኖውቻይልድን እስከ መጨረሻው ካየሽው ከዚያ ዘመን ስለወጣ፣ ሀብትና ዝና ስላገኘ፣ እሱም ስለሰለቸው ሰው ነው። ወንድምሽ ይዞት ያለው የቱን ክፍል እንደሆነ ከዚህ ሆነን ማወቅ አንችልም። የሚያውቀው እሱ ነው፣ ስለዚህ ጠይቂው።

ግን እንዴት እንደምትጠይቂው ለውጥ ያመጣል። "ምንድነው ይሄ የምትሰማው ቆሻሻ" ካልሽው በሩን ይዘጋል፣ ጆሮ ማዳመጫውን ይሰካል፣ አበቃ። "ይሄን ዘፈን ሰማሁት፣ ከበደኝ፣ አንተ ምኑን ነው የወደድክለት?" ካልሽው ግን ሊያወራሽ ይችላል። አብራችሁ ስሙት። አንቺ ግጥሙን እንዳነበብሽ ሲያይ ራሱ ይገረማል፣ ቤት ውስጥ የሚሰማውን ነገር ቁም ነገር ብሎ ያነበበለት ሰው የለም ይሆናል።

መከታተል ያለብሽ ዘፈኑን ሳይሆን ልጁን ነው። እንቅልፉ ከተበላሸ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ይወደው የነበረውን ነገር ከተወ፣ ዕቃውን ማደል ከጀመረ፣ እኔ ባልኖር ይሻላል የሚል ወሬ ከአፉ ከወጣ፣ ያን ጊዜ አትጠብቂ። ራሱን ስለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በቀጥታ ጠይቂው። ብዙ ሰው ከጠየቅኩት ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብሎ ይፈራል፣ እንደዚያ አይደለም፣ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተይው፣ ወላጆቻችሁ ይወቁ፣ በዚያው ቀን ባለሙያ ጋ ውሰዱት። ከዚህ ውጪ ከሆነ ግን፣ ትምህርቱም ጠባዩም ደህና ከሆነ፣ ሙዚቃውን አትቀሚው። ከቀማሽው የሚቀረው ስሜቱ ነው፣ ዘፈኑ ሳይኖር።


ሶሲ_ቢት

ይሄ መልስ ወደ ላይ ይሰቀል።


ደረቅ_እውነት

እኔም ደገፍኩ፣ መዝግቡልኝ። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፣ ይሄን ሁሉ "ታሪክ ነው፣ ድራማ ነው" ካላችሁኝ፣ መጨረሻው ምንድነው? ሰውየው ዳነ ወይስ አልዳነም?


ፋልሴቶ

በ2025 ጥር መጨረሻ ላይ ሀሪ አፕ ቱሞሮው ወጣ፣ ከአፍተር አወርስና ከዶውን ኤፍ ኤም ጋር ሦስተኛው ነው። በ2022 ሎስ አንጀለስ ሶፋይ ስታዲየም ውስጥ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ድምፁ ጠፍቶበት ኮንሰርቱን አቋርጦ ወረደ። አልበሙ የተወለደው ከዚያ ነው። ለዘፋኝ ድምፁ ሲጠፋ፣ ያ ሁሉ ሲዘፍንለት የነበረ ሞት በእውን መጣ ማለት ነው። ዘ ዊኬንድ የሚለውን ስም መተው እንደሚፈልግም በይፋ ተናግሯል፣ ከዚህ በኋላ አቤል ብቻ መሆን ነው የሚፈልገው። አልበሙ ውስጥ እናቱ አለች፣ ኑዛዜ አለ፣ ምሕረት መለመን አለ። የመጨረሻው ዘፈን ላይ በእውነት የሚያለቅስ ነው የሚመስለው። ስሰማው በቃ፣ ይሄ ሰው ወጣ አልኩ።

ግን የመጨረሻዎቹን ሰከንዶች በደንብ ስማ። ሙዚቃው ቀስ ብሎ ይቀየርና በ2011 የወጣው የመጀመሪያው አልበም መክፈቻ ላይ፣ ሃይ ፎር ዚስ ላይ፣ ይገጥማል። ያለቀበት ቦታ የጀመረበት ነው። ከዚያ ቤት፣ ከዚያ ባሉን። ዳነ ወይስ እንደገና ሊጀምር ነው? እኔ አልዳነም ባይ ነኝ። አቤል ወጥቶ ይሆናል፣ ዘ ዊኬንድ ግን ለዘላለም እዚያው ይዞራል።


ደረቅ_እውነት

ሃሃ፣ ማለትም ሲያልቅ ከመጀመሪያው አልበም እንደገና እንድትከፍተው ነው ያደረገህ። እና ነጋዴ አይደለም ትለኛለህ!